ጥርኝ ውሃ

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ዝርወተ ዐፅሙ ለጊዮርጊስ። ቅዳሴ ወጥቷል። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ እንዲቆጥሩ ሜዳው ላይ በትነው፣ ከጎጇቸው ደጃፍ ከመደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊደልና ዳዊት የተማርሁት ከእሳቸው ስለሆነ ግን አጎቴ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ ለአገሩ ሁሉ የኔታ፣ ለእኔም የኔታ። ከታች ጥርባ ሐይቅ ጥንት እሳተ ገሞራ በቦረቦረለት ጉድጓድ ውስጥ ጸጥ ብሏል። ከማዶ ጎረምሶች ለጥር 23 ፈረስ ያሟሙቃሉ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ያችን ቀን ስለሚያከብራት፣ በዚህ ሰሞን በአዊ ምድር ከሰው ይልቅ ፈረስ ይከበራል።

እኔ እንጅባራ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያመጣሁላቸውን ከቦርሳዬ ሳወጣ መጽሐፌ ሾልኮ ወደቀ።

የኔታ፦ ይሄ አንበሳ ያለበት ምንድን ነው?

እኔ፦ ተረት ነው፣ የኔታ። የእንግሊዞች። ሰባት መጽሐፍ በአንድ ጥራዝ።

የኔታ፦ ተረት! መምህርት ተብለሽ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎሽ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ምን ብሎ እንደጻፈለት ረሳሽው?

እኔ፦ ከአሮጊቶች ተረት እንዲርቅ። እርስዎ ነዎት ያስጠኑኝ።

የኔታ፦ እና?

እኔ፦ እና አልራቅሁም። አምና እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን እየተዘጋ፣ ማታ ማታ የማነበው ይህን ነበር። ዳዊቱን እከፍታለሁ፤ ገና አንዱን መዝሙር ሳልጨርስ እንባ ይቀድመኛል። ይህን ስከፍት ግን ማንበብ እችል ነበር። ነውር መስሎኝ ለማንም አልተናገርሁም።

የኔታ፦ ዳዊት ያላጸናውን ልብ ተረት አጸናው በይኛ።

እኔ፦ እንዲያ እንኳ አላልሁም። ዳዊቱ የሚጠይቀው እኔን ነው። ነፍሴ ሆይ ለምን ታዝኛለሽ ሲል መልስ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። ተረቱ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። በሌላ ሰው ለቅሶ ገብቶ የራስን ማልቀስ ይቀላል።

የኔታ፦ እሱስ እውነት ነው። አልቃሽ ግጥም ስታወርድ የሚያለቅሰው ሁሉ ለዚያ ሬሳ አያለቅስም። እንግዲያ ንገሪኝ፣ ምን ይላል?

እኔ፦ ጸሐፊው ሲ.ኤስ. ሉዊስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1898 ቤልፋስት ተወልዶ በ1963 ያረፈ፣ ኦክስፎርድ የድሮ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እኔን የያዘኝ ከሰባቱ ስድስተኛ ሆኖ በ1955 የታተመው ነው። አንድ ልጅ አለ። አባቱ ሕንድ አገር ነው፤ እናቱ በጠና ታማ ተኝታለች። ያሉት አጎቱ ቤት ነው፤ አጎትየው ጠንቋይ ቢጤ ነው።

የኔታ፦ አጎቱ?

እኔ፦ እርስዎን አይመስልም፣ አይስጉ። ልጁንና ጓደኛውን በቀለበት አታልሎ ወደ ሌላ ዓለም ይሰዳቸዋል። መጀመሪያ የሚደርሱት አንድ ጸጥ ያለ ጫካ ነው። ጫካው ኩሬ በኩሬ ነው፤ ዘለው የገቡበት ኩሬ ሁሉ ወደ አንድ ዓለም ያወጣል። ያን ሳነብ የታየኝ ጥርባና ዘንገና ነው። ልጆች ሆነን ከዳር ቆመን ድንጋይ ስንወረውር፣ ከሥር ምን አገር ይኖር ይሆን እንል ነበር።

የኔታ፦ እናትሽም ይህንኑ ትለኝ ነበር። ይችን ታክል ነበር። አንድ ቀን ልግባና ልየው ብላ እንዳትዘል፣ እሷ ስታይ እኔ ቀሚሷን ከኋላ ጨብጬ እቆም ነበር።

ይህን ነግረውኝ አያውቁም። የእናቴን ልጅነት ለብቻቸው ይዘውት ኖረዋል ማለት ነው።

እኔ፦ ከኩሬዎቹ በአንዱ ሲገቡ አንበሳ እየዘመረ ምድርን ሲፈጥር ይደርሳሉ። ልጁ ፈራ ተባ እያለ ቀርቦ ለእናቴ መድኃኒት ስጠኝ ይለዋል። መልስ የለም። ቀና ብሎ ፊቱን ሲያይ የአንበሳው ዓይን እንባ ሞልቷል፤ ከልጁም እንባ የሚበልጥ፣ ትልልቅ እንባ። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።

የኔታ፦ ለምን ወጣሽ?

እኔ፦ እኔ ለእናቴ የለመንሁት አምላክ ያለቀሰ መስሎ አልተሰማኝም ነበር።

የኔታ፦ የአልዓዛርን ወንጌል ስንት ጊዜ ሰምተሻል?

እኔ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ። ኢየሱስ እንባውን አፈሰሰ ሲባል ዲያቆኑ የሚያነበው የት ላይ እንደሆነ እንኳ አውቃለሁ። ከመልመዴ የተነሣ መስማት ትቼ ነበር። አንበሳ ሲያለቅስ ግን አይቼ አላውቅም። ሉዊስ ራሱ ይህን ጽፎታል፤ ልጅ ሳለ ስለ ክርስቶስ ሕማም ልታዝን ይገባሃል እየተባለ ማዘን አቅቶት ነበር። ይገባሃል የሚለው ቃል እንደ ዘብ በሩ ላይ ይቆማል፤ ተረት ዘቡ ሳያየው ሾልኮ ይገባል ነው ነገሩ።

የኔታ፦ እናቱስ ዳነች?

እኔ፦ እሷን ቆይተው ይጠይቁኝ።

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከሜዳው አንድ ተማሪ ከራሱ ጋር እያወራ፣ በጣቱ አየር ላይ ቤት እየመታ ያልፋል። ያየው የጎጃም ሰው ካልሆነ ያበደ ይመስለዋል።

የኔታ፦ ያ ልጅ ምን እያደረገ ይመስልሻል? ወርቁን ያውቀዋል። የዛሬው ወርቅ ጊዮርጊስ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። የቸገረው ሰሙ ነው። ገበሬ ያድርገው? ገብስ አበራይ ያድርገው? ዐፅሙ ተፈጭቶ በይድራስ ተራራ መበተኑን በምን ያልብሰው? ሰም ያጣ ወርቅ ስብከት ነው፤ ስብከትም ደግ ነው፤ ቅኔ ግን አይደለም። እንግዲህ ያንቺ ሰውዬ አንበሳን ሰም አደረገ። ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ፦ ታዲያ ለምን ተረት ብለው ናቁት?

የኔታ፦ ፈረንጅ ስላልሽኝ ነዋ። ቆይ፣ ይህ አንበሳ ሌላስ ምን ያደርጋል?

እኔ፦ መጀመሪያ በታተመው፣ በ1950ው፣ ስለ አንድ ከዳተኛ ልጅ ብሎ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፤ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ያርዱታል፤ ጠዋት ይነሣል። ከተነሣ በኋላ አንዲት ጠንቋይ ወደ ድንጋይ የለወጠቻቸውን ፍጥረታት እየዞረ እፍ ይልባቸዋል። እፍ ያለበት ሁሉ ነፍስ ይዘራል።

የኔታ፦ እፍ ይላል? በአፉ?

እኔ፦ በአፉ።

የኔታ፦ በይ ይህ ከፊሳልጎስ ነው! በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰውን መጽሐፍ ነው የምልሽ። የአራዊቱን ጠባይ እየተናገረ ምሥጢር የሚያወጣ። አንበሳ ደቦሏን ሙት አድርጋ ትወልዳለች፤ ሦስት ቀን ትጠብቀዋለች፤ በሦስተኛው ቀን አባቱ መጥቶ ፊቱ ላይ እፍ ሲልበት ይነሣል። ሰውዬው ከኛ ቤት ሰርቋል።

እኔ፦ ከግሪኮች ነው እንጂ የኔታ፤ ለኛም ለእንግሊዞችም ያቀበሉት እነሱ ናቸው። መጽሐፉ በላቲን በኩል ወደ እንግሊዞች የመካከለኛ ዘመን መጻሕፍት ገብቷል፤ ሉዊስ ደግሞ ሥራው ያን ዘመን ማስተማር ነበር።

የኔታ፦ ሰረቀ ማለቴ ለጨዋታ ነው። እንደ ዘመድ ነን ማለት ነው። በይ እንግዲህ ለተረት ጠበቃ ልቁምልሽ፤ ጳውሎስን ጠቅሼ ካፌዝሁ መጽሐፍን በመጽሐፍ ልካስ። መሳፍንት ምዕራፍ 9። ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ምን ነገራቸው? ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ ሄዱ አለ። ወይራው እንቢ አለ፣ በለሱ እንቢ አለ፣ ወይኑ እንቢ አለ፣ እሾሁ እሺ አለ። ዛፍ ይናገራል? ይህ ተረት ነው፤ ያውም በመጽሐፍ ቅዱስ። ናታንም ለዳዊት ስለ ድሃው ሰው በግ የነገረው ያው ነው። በቀጥታ ነፍሰ ገዳይ ነህ ቢለው ንጉሡ ባሳሰረው ነበር።

እኔ፦ ጎጃሜው ሐዲስ ዓለማየሁም አሉ። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው፣ ጣልያን ማርኮ ወስዶ ሰባት ዓመት ያህል አስሮ የለቀቃቸው ሰው፣ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል መጽሐፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው።

የኔታ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይስ? እኔ ተማሪ ሳለሁ የአንድ መሪጌታ ሳጥን ውስጥ «ወዳጄ ልቤ» የምትል ትንሽ መጽሐፍ አግኝቼ ተደብቄ አንብቤያታለሁ። በ1915 ዓ.ም. የታተመች ናት። ሰውዬው ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ወዳጅ ይነጋገራል፤ የሰው ጠባይ ሁሉ በምሳሌ ይወጣበታል። ያኔ የገረመኝ፣ ልብን ወዳጄ ብሎ መጥራት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። እኛ ልብን ስናነሣ ጠብቀኝ፣ ከክፉ መልሰኝ እያልን ነው፤ እንደ ተንኮለኛ በሬ ነው የምንፈራው።

እኔ፦ የእንግሊዙ ቡንያን ተጽዕኖ አለበት የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እሱም ያለ መንግሥት ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ አሥራ ሁለት ዓመት የታሰረ ሰባኪ ነው። በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ክርስቲያን ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ሲጓዝ ይታያል፤ በመንገዱ ተስፋ መቁረጥ ግዙፍ ሰው ሆኖ ያስረዋል።

የኔታ፦ ተስፋ መቁረጥ ሰው ሆኖ... ይህ ጥሩ ነው። ስሙን ካወቅሽው፣ መልኩን ካየሽው፣ ቢያንስ ከየት በኩል እንደሚመጣብሽ ታውቂያለሽ። ሐዘን ክፉ የሚሆነው መልክ ሲያጣ ነው፤ ቤቱን ሁሉ እንደ ጭስ ሲሞላው።

ጭስ ያሉት አለ ምክንያት አይደለም። ከጎጆው የተማሪዎቹ እሳት ይጨሳል፤ እርጥብ እንጨት ነው፤ ሁለታችንም ዓይናችንን እያሸን ነው የምንነጋገረው።

እኔ፦ ግን አንድ ነገር ላርምዎት። ሉዊስ አንበሳው ሰምና ወርቅ ነው ቢሉት አይቀበልም ነበር። ቢሆንስ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሌላ ዓለም ቢኖርና ክርስቶስ በዚያ ቢገለጥ ምን ይመስል ነበር? አንበሳው ምሳሌ አይደለም፤ ራሱ ነው፣ በሌላ አገር። ጓደኛው ቶልኪን ደግሞ ምሳሌያዊ ታሪክ የሚባለውን ጭራሽ አይወድም ነበር።

የኔታ፦ ገባኝ። እንግዲያ ወደ ውስጠ ወይራ ይጠጋል። ከላይ ያለው ራሱን ችሎ ዛፍ ነው፤ ስትቆርጪው ሌላ ዛፍ። ያም ሆኖ እፈራለሁ። ሰሙ ሲያምር ወርቁን የሚረሳ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ቤት መምታቱ ይጣፍጠውና ከቤተ መቅደስ ይርቃል። ይህን አንበሳ ወደሽ፣ በአንበሳው ለተገለጠው ግን ባትሰግጂስ?

እኔ፦ ይሆናል። በዚህ በኩል መልስ የለኝም፣ የኔታ። የማውቀው ከዚያች ሌሊት በኋላ ስቅለት ላይ የወደቅሁት ስግደት ከካቻምናው ሌላ እንደነበረ ነው። ያለቀሰ ሰው ፊት የምሰግድ መሰለኝ።

የኔታ ለዚህ ምንም አላሉም። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት፤ ተሳስቼም ሊሆን ይችላል።

የኔታ፦ ያ ቶልኪን ያልሽው ማነው?

እኔ፦ እሱም የኦክስፎርድ መምህር ነው፤ ካቶሊክ። አባቱ የሞተበት ገና በሕፃንነቱ ነው፣ እናቱ ስትሞት አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በአደራ ያሳደገው አንድ ቄስ ነው። በ1916 በሶም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ከቅርብ ጓደኞቹ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ሉዊስን ወደ እምነት ከገፉት አንዱ እሱ ነው። መስከረም 19 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. ሌሊት ከሌላ ጓደኛቸው ጋር በኮሌጁ ግቢ ሲመላለሱ ተከራከሩ። ሉዊስ ሞተው ስለሚነሡ የጥንት አማልክት ማንበብ ልቡን ይነካዋል፤ የክርስቶስን ግን መቀበል አቅቶታል። ቶልኪን፣ ይህኛው በእውነት የሆነ ተረት ነው አለው፤ በአፈ ታሪክ የለመድኸውን ልብ ይዘህ ወደዚህ ና። ከጥቂት ቀን በኋላ ሉዊስ በወንድሙ ሞተር ብስክሌት ጎን ባለች ጋሪ ተቀምጦ የዱር አራዊት ሊያይ ሄደ። ሲነሣ አላመነም ነበር፣ ሲደርስ አምኗል። እንዲህ ብሎ ነው የጻፈው።

የኔታ፦ አውሬ ሊያይ ሄዶ አምላኩን አገኘ! የሮሙ ጦር አለቃ ኤዎስጣቴዎስስ ዋላ ሊያድን ሄዶ አይደል ከቀንዶቹ መካከል መስቀል ያየ። እሺ፣ ይህ ቶልኪንስ ምን ጻፈ? እሱም አንበሳ አለው?

እኔ፦ የለውም። ስለ አንድ ክፉ ቀለበት ነው፤ በሦስት ክፍል በ1954 እና በ1955 የታተመ። ቀለበቱን ወደ ተሠራበት የእሳት ተራራ ወስዶ የሚጥለው ጀግና አይደለም፤ የጀግና ግማሽ እንኳ የማይደርስ አጭር ሰው ነው።

ከማዶ አንድ ፈረስ ባለቤቱን ጥሎ እየጋለበ መጣ፤ ልጆች እየጮሁ ተከተሉት። የኔታ እስኪያዝ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ወጣት ሳሉ ጉግስ ይወዱ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

የኔታ፦ ሰው ሁሉ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ነው የሚያውቀው። ዘንዶው ከታች፣ ብሩታዊት ከዛፉ ላይ። ሥዕሉ ያምራል። ገድሉን የሚያነብ ግን ሌላ ያገኛል። ዘንዶውን የገደለበት አንድ ቀን ነው፤ ሰባ ነገሥታት ተሰብስበው ያሰቃዩት ሰባት ዓመት ነው። ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሥቷል። ዛሬ የምናከብረው ድሉን አይደለም፤ ዱቄት ሆኖ የተበተነበትን ነው። እነዚያ ጎረምሶች ጥር 23ን ይወዳሉ፤ እኔ ወደ ጥር 18 አደላለሁ። ፈረስ የሌለው ሰው በዓል ናት።

እኔ፦ እንግዲያ የቶልኪንን መጨረሻ ይወዱታል። ያ አጭር ሰው፣ ፍሮዶ ይባላል፣ ተርቦ ተጠምቶ፣ በመጨረሻ በጓደኛው ጀርባ ታዝሎ የእሳቱ አፋፍ ላይ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ቀለበቱን አልጥልም ይላል። የኔ ነው ብሎ ያጠልቀዋል።

የኔታ፦ ወደቀ?

እኔ፦ ወደቀ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ። ግን ከኋላቸው የሚከተል አንድ ፍጡር ነበር፤ ቀለበቱ አእምሮውን ያጠፋው፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ጎለም የሚሉት። ፍሮዶ ሊገድለው ሲችል አዝኖለት ተወው፤ ከእሱ በፊት ዘመዱ ቢልቦም እንዲሁ ምሮታል። ያ ፍጡር ዘሎ ጣቱን ነክሶ ቀለበቱን ነጠቀ፤ በደስታ ሲዘል ገደሉ ውስጥ ወደቀ። ዓለም የዳነው በፍሮዶ ብርታት አይደለም፤ ብርታቱ አልቆ ነበር። የዳነው ድሮ በተደረገች ምሕረት ነው። እኔ ብርቱ ሁኚ፣ ጠንክሪ ሲሉኝ የከረምሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ አልነበረም።

የኔታ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

የኔታ፦ ተአምረ ማርያም ላይ አለ።

እኔ፦ በላዔ ሰብእ። እኔም እሱን ነበር ላነሣ የፈለግሁት።

የኔታ፦ እንዳታስተካክዪው ብቻ! አንዱ ሰው የፈጠረው ነው፤ ያኛው ቤተ ክርስቲያን የተቀበለችው ተአምር ነው። በአንድ ገበታ አይቀርቡም።

እኔ፦ አላስተካክልም፣ የኔታ። ጎን ለጎን አላስቀምጥም። አንዱን ይዤ ሌላውን አያለሁ እንጂ።

የኔታ፦ እንዲያ ከሆነ ይሁን። የቅምሩ ሰው ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል። መንገድ ዳር ውሃ የጠማው ለምጻም በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እንቢ አለ፤ ስለ ማርያም ሲለው ጥርኝ ውሃ ሰጠው፤ ያውም አጥግቦ አላጠጣውም። በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውሃ ሰባ ስምንቱን ነፍስ መዝና አነሣች። የካቲት 16 በመጣ ቁጥር እንናገረዋለን። አርባ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን አምና ነው።

እኔ፦ አምና?

የኔታ፦ በእናትሽ አርባ። ሰው ሁሉ መወድስ እንድቀኝላት ጠበቀ። ስንቱን ለሞተበት ሰው ተቀኝቼለታለሁ፤ ለገዛ እህቴ እንዴት ይቀራል? ተነሣሁ። የመጀመሪያው ቤት ላይ ቆምሁ። አልመጣም። ሁለተኛ ጀመርሁ፣ አልመጣም። የኔታ ቅኔ ጠፋባቸው ሲባል ይሰማኛል። ከድንኳኑ ወጥቼ ከግንቡ ሥር ቁጭ አልሁ። አንዱ ተማሪ፣ ገና ጉባኤ ቃና የማይሞላለት፣ ከሁሉ የሚፈዝ የምለው፣ በጣሳ ውሃ ይዞልኝ መጣ። «ይጠጡ የኔታ» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግማሹ ፈሶ ነበር። ጠጣሁ።

እኔ፦ እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርሁ። አላየሁም።

የኔታ፦ ማን ያያል? እኔ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ራሴን የማስቀምጠው ከሚዛኑ አጠገብ ነበር። ስንት ጥርኝ ሰጠሁ፣ ስንት ኃጢአት አለብኝ እያልሁ። ለምጻሙን ግን ሆኜ አላውቅም። እሱም እኮ አለ! ለመነ፣ ጠማው፣ ካልተሟላ እጅ ትንሽ ጠብታ ተቀበለ። በዚያች ቀን ለምጻሙ እኔ ነበርሁ። ያ ፈዛዛ ልጅ በሰማይ የሚቆጠርለት ነገር ካለው፣ እኔ የተጠማሁባት ሰዓት ናት።

ጭሱ ነው ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም ጭሱ ነው አልሁ።

የኔታ፦ አሁን ልጠይቅሽ። እናቱ ዳነች?

እኔ፦ አንበሳው መጀመሪያ ልጁን ሥራ ሰጠው። ከሩቅ ተራራ ላይ ካለ አትክልት አንድ ፖም ቀጥፎ እንዲያመጣ። እዚያ ያችው ጠንቋይ አገኘችው። ለምን ለዚያ አውሬ ትወስድለታለህ? ሰርቀህ ለእናትህ ብትሰጣት አሁኑኑ ትድናለች አለችው። ልጁ ተሰቃየ። በመጨረሻ እንቢ ብሎ ፖሙን ለአንበሳው ወሰደ።

የኔታ፦ እኔ ብሆን እሰርቅ ነበር።

እኔ፦ እኔም።

የኔታ፦ አምላኬ ይቅር ይበለኝ። ቀጥይ።

እኔ፦ ፖሙ ተተከለ፣ በቀለ፣ ወዲያው አፈራ። አንበሳው ከዚያ ከአዲሱ ዛፍ አንድ ፖም ሰጠው። ለእናቱ ወሰደላት፣ በላች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳነች።

የኔታ፦ ዳነች።

እኔ፦ እዚህ ላይ ነው የተናደድሁት። የሉዊስ እናት እኮ አልዳነችም! በ1908 በካንሰር ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጸልዮላት ነበር፤ ራሱ ጽፎታል። ውሸታም ነው አልሁ። ያልሆነለትን እንደሆነ አድርጎ ጻፈ። መጽሐፉን ሁለት ወር ሳልነካው ቆየሁ።

የኔታ፦ ሲጽፈው ስንት ዓመቱ ነበር?

እኔ፦ አምሳ አልፎታል።

የኔታ፦ አርባ ዓመት ተሸክሞት ኖሮ ነዋ። ለራሱ ያላገኘውን ለዚያ ልጅ ሰጠው። አጎቴ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባደረገልኝ አትዪም? ያን ፖም ለልጁ ሲቀጥፍለት ዋሸ ነው ወይስ ጸለየ?

እኔ፦ አላውቅም። ሚስቱም በኋላ በ1960 ሞታበታለች። ያኔ ተረት አልጻፈም፤ በሐዘኑ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላበትን ማስታወሻ ጻፈ፤ በብዕር ስም አሳተመው። በሩ ተዘግቶብኛል ይላል። እኔን ከመጽሐፉ ጋር ያስታረቀኝ ይኸኛው ነው። የአንበሳውን እንባ የጻፈው ሰው ሐዘንን አለዝቦ የሚሸጥ ሰው አለመሆኑን አየሁ።

የኔታ፦ እናትሽ ታማ ሳለች፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ውሃው ዳር ይዘኸኝ ትቆም ነበር አይደል?» አለችኝ። እኔ የምትቃዥ መሰለኝ። አሁን አንቺ ስለ ኩሬዎቹ ስትነግሪኝ ነው...

አልጨረሱትም። ሐይቁን እያዩ ነበር፤ እኔም አየሁት። ጀምበር ዞር ብላ ግማሹ ጨልሟል፣ ግማሹ ገና ያበራል።

እኔ፦ አጎቴ።

ዞር ብለው አዩኝ። አፌ እንዴት እንደተናገረው እኔም አላወቅሁም።

የኔታ፦ በይ ከመጀመሪያው አንሥተሽ ንገሪኝ። እየተርጎምሽ፣ እንዳለ። ጠንቋዩን አጎትም አትዝለዪው።

እኔ፦ በአገውኛ ልንገርዎት? እናቴ ተረት የምትነግረኝ በእሱ ነበር።

የኔታ፦ እሱስ ይሻል ነበር። ግን እነዚያ ጆሯቸውን ወዲህ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ግማሾቹ ከቋሪት፣ ከዳሞት የመጡ ናቸው። አይሰሙሽም።

እውነትም ሦስት ተማሪዎች ከጎጆው ጥግ ደበሏቸውን ለብሰው፣ ቅኔ የሚቆጥሩ መስለው ቆመዋል። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሳልከፍተው ጀመርሁ።

እኔ፦ ተረት ተረት።

የኔታ ዝም አሉ። ለሊቅ ሰው የማይሆን ነገር ነው። ከጎጆው ጥግ ግን አንዱ፣ ከሁሉ የሚያንሰው፣ ሳያስበው፦

«የመሠረት!»

የኔታ ኮስተር ብለው ዞሩ። «ጉባኤ ቃናህ ሞልቶልሃል?»

«አልሞላልኝም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ምን ታደርጋለህ እዚያ ቆመህ?» አሉና መደቡ ላይ ወደ ዳር ተጠግተው ቦታ ለቀቁለት። «ና ተቀመጥ።»